ለኩፍኝ ብትጠይቁኝ አሳያለሁ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሬስቶራንት ገብቶ ለመብላት የኮቪድ ክትባት ካርድ የተጠየቀው ለአንድ ወር ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 15 ቀን 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 15። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በቃ፣ አንድ ወር። ግን ያቺ ወር እስካሁን ታጨቃጭቀናለች። ቡና ላይ ትነሳለች፣ ኡበር ውስጥ ትነሳለች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ትነሳለች። አንዱ "መብታችንን ረገጡት" ይላል፣ ሌላው "ያኔ ባይጠይቁ ኖሮ ስንቱ ያልቅ ነበር" ይላል። ሁለቱንም ሰምቼ ሰምቼ ስለሰለቸኝ የራሴን ልጻፍ አልኩ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥና ከዚያ እናውራ። ካርድ መጠየቅ በራሱ ነውር የለበትም። እኔ የማየው ካርዱ ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ክትባቱ በሽታው ከእኔ ወደ አጠገቤ ሰው እንዳያልፍ የሚያደርግ ከሆነ በር ላይ ጠይቁኝ፣ አሳያለሁ። የሚጠብቀው እኔን ብቻ ከሆነ ግን ምከሩኝ፣ ለምኑኝ፣ በነጻ ስጡኝ፤ በር ላይ አታቁሙኝ።

መንጋጋ ቆልፍን እንውሰድ። ክፉ በሽታ ነው፣ ክትባቱም ጥሩ ነው። ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ አንድ ሰው ኮንሰርት በር ላይ ቆሞ "የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደሃል?" ቢለኝ እስቃለሁ። ኩፍኝ ሌላ ነው። ኩፍኝ የያዘው ሰው አዳራሹን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ውስጥ ይቆያል። ያልተከተቡና በሽታው ይዟቸው የማያውቅ አሥር ሰዎች አጠገቡ ቢኖሩ ዘጠኙ ይያዛሉ። እዚህ ላይ "የግል ምርጫዬ ነው" የሚለው ነገር አይገባኝም። ምርጫው የአንዱ፣ ትኩሳቱ የሌላው ልጅ።

ኮቪድስ? የኮቪድ ነገር አስቸጋሪ የሆነው አንድ ቦታ ላይ ስላልቆመ ነው። ክትባቱ ሲጀምር ወደ ኩፍኝ ክትባት ይጠጋ ነበር፣ በኋላ ወደ መንጋጋ ቆልፍ ተጠጋ። የምንጨቃጨቀው ሰዎች አንዱ የመጀመሪያውን፣ አንዱ የመጨረሻውን እያሰብን ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ ሐበሾች የክትባት ወረቀት አይተን የማናውቅ ይመስል ስንጮህ። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ሜዲካል ሲያደርግ ክንዱን ተወግቶ፣ ወረቀቱ ተሞልቶ ነው ቪዛው የተመታለት። መንጋጋ ቆልፍም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ ያኔ ማናችንም አልሳቅንም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ የኮቪድ ተጨመረበት፣ በ2025 ተነሳ። ልጆቻችንን እዚህ ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ የክትባት ፎርም እናስገባለን። ሐጅ የሚሄዱ ወዳጆቻችን የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ያቀርባሉ፤ በ2000 ከሐጅ የተመለሱ ሰዎች በሽታውን ይዘው ወደየአገራቸው ከገቡ ወዲህ ሳዑዲ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችው። የማጅራት ገትር ቀበቶ የሚባለው ከሴኔጋል ተነስቶ እኛ አገር ድረስ ስለሚዘልቅ ለምን እንደሚጠይቁ ማንም አስረዱኝ አይልም። ቢጫ ወባ ወዳለበት አገር የበረረ ሁሉ ቢጫዋን ካርድ ፓስፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ያውቃል። ስለዚህ ካርድ ማሳየቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ቦታው ነው። ድንበር ላይና ትምህርት ቤት የለመድነው ነገር ክትፎ ቤት በር ላይ መጣ።

መብት የሚለውንም አሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት ተከራክራበታለች። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባል የማሳቹሴትስ ፓስተር የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ 5 ዶላር ተቀጣ። እምቢ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፣ በ1905 ተረታ። ጉዳዩ ግን ፈንጣጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት፣ ክትባቱም የሚያቆመው በሽታ። ይህን ፍርድ አንስቶ ለማንኛውም ክትባት፣ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም በር ላይ መጥቀስ ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኮቪድ። እስራኤል ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2021 "አረንጓዴ ማለፊያ" የተባለውን ስትጀምር ነገሩ ያስኬድ ነበር። ሁለቱን የፋይዘር ዶዝ የወሰደ፣ ወይም ታሞ የዳነ፣ ጂም፣ ቲያትርና ስታዲየም ይገባል። ያኔ የነበረው አልፋ የተባለው ዝርያ ነው፣ ክትባቱም ገና ትኩስ ነው፤ መታመምን ብቻ ሳይሆን መያዝንም በጣም ይቀንስ ነበር። ስለዚህ አጠገብህ የተቀመጠው ተከትቧል ማለት በእርግጥም ላንተ የሚጠቅም ነገር ነበር። ደግሞ በሽታው ሲቀንስ ጁን 1 ላይ አነሱት። ዴልታ ሲመጣ በጁላይ መጨረሻ መለሱት። በኦክቶበር ደግሞ ሁለተኛውን ዶዝ ከወሰድክ ስድስት ወር ካለፈህ ሦስተኛውን ካልጨመርክ ማለፊያህ አይሠራም አሉ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኔ ግን ቢያንስ ከራሳቸው ጋር አልተጣሉም እላለሁ። የክትባቱ አቅም እየቀነሰ መሆኑን አምነው ደንቡን አብረው ቀየሩ።

ዲሲን እዩልኝ እስቲ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ትእዛዙን ያወጁት በዲሴምበር 2021 መጨረሻ ነው። ኦሚክሮን ከመጣ በኋላ ማለት ነው። ሁለት ዶዝ የወሰደው፣ ሦስትም የወሰደው ሰው ሁሉ እየተያዘ ባለበት ሰዓት። ታዲያ ከጃንዋሪ 15 ጀምሮ የተጠየቀው ስንት ነው? አንድ ዶዝ! ዕድሜህ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ዶዝ መውሰድህን የሚያሳይ ነገር፣ አዋቂ ከሆንክ ደግሞ መታወቂያ። ሁለተኛው ዶዝ የሚጠየቀው ከፌብሩዋሪ 15 ወዲህ ነበር፣ በዚያው ቀን ትእዛዙ ተነሳ። አንድ ዶዝ ከወራት በፊት የወሰደ ሰው በኦሚክሮን ጊዜ አጠገቡ ለተቀመጠው ምን ያህል ይጠቅመዋል? ከምንም የማይሻል አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ግን በዚህ ሰው ከበር አይመለስም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ጅቡ አልሄደም ነበር። በዚያ ጃንዋሪ ሆስፒታሎቹ ሞልተው ነበር፣ ክትባቱም ከከባድ ሕመምና ከሞት በደንብ ያድን ነበር። ይህን የማይቀበል ሰው ጋር መከራከር አልፈልግም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በዚያን ሰዓት ክትባቱ በዋናነት የሚያድነው የተከተበውን ሰው ነበር፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚነግረን ግን እርስ በርስ እንደምንጠባበቅበት ነው።

ቦታውም ቢሆን ግራ የሚያጋባ ነበር። ሬስቶራንት፣ ባር፣ ጂም፣ ቲያትር፣ የስብሰባ አዳራሽ ይጠይቃሉ። ቤተ እምነቶች አይጠይቁም። ጥምቀት የዋለው ደግሞ እዚያው ወር ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን፣ ዘምረን፣ ተሳስመን ስናበቃ ማንም ካርድ አላለንም፤ ከዚያ ወጥተን ለአምስት ሆነን ምሳ ልንበላ ስንል ካርድ። የእምነት ነጻነት ስላለ መንግሥት እዚያ መግባት አለመፈለጉ ይገባኛል። ቫይረሱ ግን ይህን አያውቅም።

ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ቤቱ አልተቀመጠም። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ላይ ነዳ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ፣ እዚያ ያው ጥብስ አለ፣ ጠያቂ የለም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ሐሳቡን አንስቶ ተወያይቶበት ነበር፣ ሳያጸድቀው ቀረ። አሌክሳንድሪያም ጠያቂ አልነበረም። ሦስት ግዛት በአሥር ደቂቃ በሚታለፍበት አካባቢ አንዱ ብቻ በር ሲዘጋ ገበያው ነው የሚሄደው እንጂ በሽታው አይቆምም። የዲሲ የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ያንን ወር እንዴት እንዳሳለፉት ባለቤቶቹን ጠይቋቸው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ጠያቂዋን። ትእዛዙን ያወጣው ከንቲባ ነው፣ በር ላይ የቆመችው ግን ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ቀን ኮሌጅ የምትማር፣ ማታ የምታስተናግድ ልጅ ናት። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። ፈረንጅ ሲመጣ ችግር የለም፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳያታል፣ ይገባል። ከዚያ በአባቷ ዕድሜ ያሉ ሰውዬ መጡ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የክትባት ካርድ ይዘዋል?"

"የምን ካርድ?"

"የኮቪድ ነው ጋሼ... አዲስ ሕግ ወጥቶ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ስበላ አንቺ አልተወለድሽም።"

ምን ታድርግ? ዞራ አለቃዋን አየች። አለቃዋ ግድግዳውን አየ። "ይለፉ ጋሼ፣ ይለፉ" አለች። እኛ ዘንድ ትልቅን ሰው በር ላይ ወረቀት መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ከንቲባዋ አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። ውጤቱ ግን ካርዱ የተጠየቀው ባይተዋሩ ብቻ መሆኑ ነው፤ ጋሼና እትዬ ያለፉበት በር። በበሽታው ለመጎዳት ደግሞ ከሁሉም የቀረቡት ጋሼና እትዬ ናቸው። ከጠየቀች ትሰደባለች፣ ካልጠየቀች ቤቱ ይቀጣል። ኤች ስትሪት ላይ አንድ ባር አንጠይቅም ብሎ የመጠጥ ፈቃዱ ታግዶበታል፣ ስለዚህ ማስፈራሪያው የምር ነበር። የካርዱ ነገር ራሱ ደግሞ... ነጭ ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ ነገር። ኤፍቢአይ ገና በ2021 ሐሰተኛ ካርድ አትሽጡ፣ አትግዙ እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ያቺ ልጅ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ትለየው?

ኒው ዮርክ ደግሞ የባሰውን አሳየን። የብሩክሊን ኔትሱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካይሪ ኧርቪንግ አልከተብም አለ፣ በከተማው ደንብ ምክንያት በሜዳው መጫወት ተከለከለ። ከሌላ ከተማ የመጣ ያልተከተበ ተጫዋች ግን እዚያው ሜዳ ላይ መጫወት ይችላል። ማርች 7 ቀን 2022 ከተማው የተመልካቹን ካርድ አነሳ፣ የሠራተኛውን ግን አላነሳም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ኧርቪንግ ቲኬቱን ይዞ ገብቶ ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጦ የራሱን ቡድን ተመለከተ፣ ጓደኞቹን አቀፈ፣ መጫወት ግን አልቻለም። ከንቲባ አዳምስ ማርች 24 ላይ ነው ለስፖርተኞችና ለአርቲስቶች ደንቡን ያነሱላቸው። ኧርቪንግን አልወደውም፣ ስለ ሳይንስ የሚያወራው ነገር ያስቀኛል፣ ግን እዚህ ላይ ማን ማንን ከምን እየጠበቀ እንደነበር የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እንግዲህ ከእኔ ጋር የማይስማማው ሰው ጠንካራ ነጥብ አለው፣ ሸፍኜ ላልፈው አልፈልግም። ፈረንሳይ። ጁላይ 12 ቀን 2021 ማታ ፕሬዚዳንት ማክሮን ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ካፌና ሬስቶራንት ለመግባት ማለፊያ ሊጠየቅ ነው አሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ከ900 ሺህ በላይ ሰው የክትባት ቀጠሮ ያዘ። ከ900 ሺህ በላይ! የጤና ባለሙያ ለወራት ቢለምን ያላመጣውን፣ ቡና የመጠጣት ፍላጎት በአንድ ሌሊት አመጣው። ከእነዚያ ሰዎች መሀል ባይከተብ ኖሮ በዚያ ክረምት የሚሞት ሰው አለ፣ ይህ አያከራክርም። ታዲያ የካርዱ ምክንያት ቢሳሳትም ሰው ካዳነ ምን ቸገረህ? የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ነርስ ነው፣ በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ይዞ ሬሳ ሲያወጣ የከረመ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሲናገር ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።

መልሴ ግን ይህ ነው። ማስገደድ ከፈለጋችሁ ማስገደድ ነው በሉት። ማክሮን እንኳ በጃንዋሪ 2022 ለጋዜጣ ሲናገሩ ያልተከተቡትን ማስመረር እፈልጋለሁ ብለው በግልጽ፣ ያውም በስድብ ቃል ተናገሩት። ጸያፍ ነው፣ ግን እውነት ነው። ሰው ተቆጣ እንጂ አልተታለለም። "ለወንድምህ ስትል" ብለህ አስገብተኸው በሁለተኛው ሳምንት የተከተቡት ሁሉ ሲያስሉ ካየ ግን፣ ቀጥሎ ስለ ኩፍኝ ስትነግረው አይሰማህም። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። እየሆነም ነው።

ከኩፍኙ በፊት ግን አንድ ቁጭት። ካርድ ስትጠይቅ ካርዱን ማግኘት የሚቻል መሆን አለበት። ክትባት ለድሃ አገሮች ለማዳረስ የተቋቋመው ኮቫክስ የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ ቦሌ ያደረሰው ማርች 7 ቀን 2021 ነው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። የደረሰው አስትራዜኔካ ነው፣ ሕንድ የተመረተው፣ ኮቪሺልድ የሚባለው። ጁላይ 1 ላይ የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል ሰርተፍኬቱን ሲጀምር ኮቪሺልድ እዚያ የጸደቀ ስላልነበር በቀጥታ አይቆጠርም ተባለ። ያው አስትራዜኔካ ከአውሮፓ ፋብሪካ ሲወጣ ያልፋል፣ ከሕንድ ሲወጣ አያልፍም። ለአፍሪካ የተላከው ደግሞ የሕንዱ ነው! የአፍሪካ ኅብረት ተቃወመ፣ ከዚያ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በየግላቸው ተቀበሉት። አሜሪካ ኖቬምበር 8 ላይ በሯን ስትከፍት የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደውን ሁሉ ተቀበለች፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ዶክተር ቴድሮስ የሚመሩት ድርጅት ደግሞ ያን ሰሞን ክትባት ለሁሉ ሳይዳረስ ለጉዞ የክትባት ማስረጃ አትጠይቁ እያለ ነበር። ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ተሰልፎ የተከተበን ሰው ፓሪስ ላይ እንዳልተከተበ መቁጠር ጤና ጥበቃ አይደለም።

አሁን ኩፍኝ። በ2025 መጀመሪያ ምዕራብ ቴክሳስ የተነሳው ወረርሽኝ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ብቻ 762 ሰው ይዞ ሁለት ልጆች ገደለ። ልጆቹ አልተከተቡም ነበር። በ2017 ሚኒሶታ 75 ሰው ሲያዝ አብዛኞቹ የጎረቤቶቻችን የሶማሌዎቹ ልጆች ነበሩ። እነዚያ ቤተሰቦች በ2004 ከሁለት ዓመት ልጆቻቸው 92 በመቶውን ያስከትቡ ነበር፤ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ ገብቶባቸው በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ። ወሬው ሐሰት ነው፣ ስንት ጊዜ ተጠንቶ ሐሰት ሆኗል። አሁን ያው ወሬ በኛ ቴሌግራም ይዞራል፣ በአማርኛ፣ ከነድምፁ።

የእድራችን ግሩፕ ላይ አንዲት እናት ለልጆቹ ዝግጅት የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ባይመጣ ብላ ስትጽፍ የወረደባትን አይቻለሁ። "ኮቪድን ደግሞ በኩፍኝ መጣችሁ" አላት አንዱ። ሌላው "እኛ ኩፍኝ ወጥቶብን አላደግንም እንዴ?" አለ። አድገናል። ያላደጉት ግሩፑ ውስጥ የሉም። እናቶቻችን ልጁን ጨለማ ክፍል ሸሽገው፣ ከፀሐይ ከልለው የሚጠብቁት ስለማያስፈራ አልነበረም።

እኔ ከሴትየዋ ጋር ነኝ። ሁለት ዶዝ የወሰደ ልጅ 97 በመቶ ገደማ ይጠበቃል፣ ተሸክሞም ለሌላው አይሰጥም ማለት ይቻላል። ክትባቱ እዚህ አገር አለ፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ በመንግሥት ፕሮግራም ይሰጣል፣ ስለዚህ አላገኘሁም የሚባል ነገር የለም። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ዓመት ያልሞላቸው፣ እዚህ አገር ደንብ ገና ያልተከተቡ ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ አሉ። ካንሰር ታክሞ ሰውነቱ የደከመ ሰው አለ። እነሱ ምርጫ የላቸውም። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ቤተሰብም ሞልቷል፣ እዚያ ደግሞ ኩፍኝ አልጠፋም። (በነገራችን ላይ ስድስት ወር የሞላውን ሕፃን ይዛችሁ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ አንድ ዶዝ ቀድሞ እንዲወስድ ሐኪሙን ጠይቁ።)

አጠያየቁ ላይ ግን እንደ ዲሲ አይሁን። እንደ ሮክላንድ ካውንቲም አይሁን። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ይህ ካውንቲ በማርች 2019 ያልተከተቡ ልጆችን በሙሉ ከማንኛውም ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ፣ ከገበያ አዳራሽ እስከ ቤተ እምነት፣ ከለከለ፤ ብዙ ሳይቆይ ዳኛ አገደው። በጣም አሰፉት። እኛ የምናወራው ስለ አንድ አዳራሽና ስለ አንድ ከሰዓት ነው። በር ላይ ልጅ አስቁመን ጋሼን ማስጠየቅም አያስፈልግም። ዝግጅቱ ሳምንታት ሲቀሩት ለወላጆች መልእክት ይላክ፣ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከመሀላችን ካሉት ነርሶች አንዷ፣ ፎርሙን አይታ ትመልስ፣ ኮፒም አታስቀር። በሐኪም ትእዛዝ መከተብ የማይችል ልጅ ካለ እሷ ትወቅ፣ ግሩፕ ላይ አይውጣ። ፎርሙ የጠፋበት ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ነርስ ይጠይቅ፤ ሲመዘገብ ያስገባው ወረቀት እዚያ አለ።